ደረሰኝ ያልሰጠ ሻጭ ደረሰኝ ሊጠይቅ አይገባም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በልብስ መሸጫ ሱቆች ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ጽሑፍ ያላነበበ የከተማ ነዋሪ ያለ አይመስለኝም። ከዚህ ጽሑፍ ጎን ለጎን በቃል ብቻ የሚነገር ሌላ ሕግ አለ፤ እሱም «ደረሰኝ ከሌለህ አናነጋግርህም» የሚለው ነው። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ሁለተኛው ነው። ደረሰኝ ቆርጦ ያልሰጠ፣ እንዲያውም ያለ ደረሰኝ እንዲገዛ ገዢውን በዋጋ ያግባባ ሻጭ፣ ልብሱ ሲመለስበት ደረሰኝ አምጣ ብሎ መሟገቱ ፍትሐዊ አይደለም። የሚመለከታቸው የንግድና የገቢዎች መሥሪያ ቤቶችም ጉዳዩን እንደ ተራ የሱቅ ጭቅጭቅ ቆጥረው ሊያልፉት አይገባም እላለሁ።

እኔ የችርቻሮ ነጋዴዎችን ሒሳብ በመሥራት የምተዳደር ሰው ነኝ። ስለዚህ የምጽፈው ከሸማቹ ወገን ሆኜ ብቻ አይደለም፤ ከባንኮኒው ጀርባ ያለውንም ችግር አውቀዋለሁ። ልብሱን ገዝቶ ሠርግ ከዋለበት በኋላ፣ ኮሌታው ላብ ጠጥቶ እያለ አጣጥፎ «አልሆነኝም» ብሎ የሚመልስ ሰው አለ። ከሌላ ሱቅ የገዛውን አምጥቶ «ከእናንተ ነው የወሰድኩት» ብሎ የሚከራከርም አይጠፋም። በብዙ ሱቆች ደግሞ የጎደለው ዕቃ ከሻጭዋ ደመወዝ ላይ ስለሚቆረጥ፣ ቀኑን ሙሉ ቆማ የምትውል ልጅ በራሷ ውሳኔ ልብስ ተቀብላ ገንዘብ ብትመልስ ዕዳው የሚያርፈው እሷው ላይ ነው። ሻጮች መጠንቀቃቸውን አልነቅፍም። የምነቅፈው ጥንቃቄው ሁሉ በገዢው እጅ በሌለ፣ በእጁም እንዳይገባ በተደረገ አንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ መንጠልጠሉን ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከግዢው ነው። ከመርካቶ እስከ መገናኛ ባሉ ልብስ ቤቶች በዋጋ ተከራክረን ከተስማማን በኋላ የሚመጣውን ጥያቄ ሁላችንም እናውቀዋለን። «በደረሰኝ ይሁን ያለ ደረሰኝ?» እንባላለን። 2,800 ብር የተባለ የልጅ ቀሚስ በደረሰኝ ሲሆን 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይደመርበትና 3,220 ብር ይሆናል። ለሦስት ልጆች የበዓል ልብስ የምትገዛ እናት በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ልዩነት 1,260 ብር ይደርስባታል፤ ይህ ለበዓሉ አስቤዛ የሚተርፍ ገንዘብ ነው። ጥያቄው እንዲህ ሆኖ ሲቀርብላት የትኛውን እንደምትመርጥ ሻጩ አስቀድሞ ያውቃል። ሕጉ ዋጋ በግልጽ ተለጥፎ እንዲታይ ያዛል፤ በአንድ ዕቃ ላይ ሁለት ዋጋ መጥራት ግን የዕለት ተዕለት አሠራራችን ከሆነ ሰንብቷል።

«ገዢውም እኮ ተባባሪ ነው፤ ቅናሹን ወዶ ተቀብሎ አሁን ምን ያማርራል?» የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ። ክርክሩ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ታክስ የሚሸሽበት ግብይት ሁለት ሰው ይፈልጋል። ነገር ግን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለሸማቹ ደረሰኝ የመስጠትንና ቀሪውን የማስቀመጥን ግዴታ ያሳረፈው በነጋዴው ትከሻ ላይ ነው። የታክስ ሕጎቻችንም ከ1999 ዓ.ም. የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ደንብ ቁጥር 139 ጀምሮ ግዴታውን የጣሉት በእሱው ላይ ነው። ገዢ ጠየቀም አልጠየቀ ሻጭ ደረሰኙን ቆርጦ መስጠት አለበት። ስለዚህ ቅናሹን የተቀበለችው እናት ብትወቀስ እንኳ፣ ግዴታውን ያልተወጣው ሻጭ ከጥፋቱ ተጠቃሚ ሊሆን አይችልም። ሲሸጥ ደረሰኝ እንዳያስፈልግ አድርጎ ማግባባት፣ ሲመለስበት ደግሞ ያለ ደረሰኝ አላውቅሽም ማለት በአንድ ራስ ሁለት ምላስ መያዝ ነው።

ባለፈው ፋሲካ ዋዜማ እህቴ ለልጇ ቀሚስ ገዛች። ሱቁ መገናኛ አካባቢ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ ውስጥ የሚገኝ ነው። ከላይ የጠቀስኩት የ2,800 ብር ዋጋ የዚያ ቀሚስ ዋጋ ሲሆን፣ የከፈለችውም በቴሌብር በባለቤቱ የግል ቁጥር ነበር። የበዓሉ ዕለት ጠዋት ልጅቷ ስትለብስ የጀርባው ዚፕ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሳብ ጥርሱ ከግማሽ ላይ ተላቀቀ። ሱቆች ሲከፈቱ ቀሚሱን ይዘን አብረን ሄድን። ሻጭዋ ወዲያው አወቀቻት፤ «አስታውስዎታለሁ እትዬ፣ ክሬሙን ትተው ሮዙን የወሰዱት እርስዎ ነዎት» አለች። ቀሚሱን ገልብጣ ስታየው ዋጋውን በራሷ እጅ የጻፈችበት ታግ ገና ከገበሩ ላይ አልተነሳም ነበር። ባለቤቱ ግን በስልክ ሲጠየቅ የመጀመሪያ ጥያቄው «ደረሰኝ ይዛለች?» የሚል ሆነ፤ እንዳልያዘች ሲነገረው «ታዲያ ከየት እንደገዛችው በምን አውቃለሁ?» አለ። እህቴ የቴሌብሩን መልዕክት ከፍታ አሳየች። መልዕክቱ ላይ የግዢው ቀን፣ የገንዘቡ መጠንና የራሱ የባለቤቱ ስም በግልጽ ሰፍሮ ነበር። ሻጭዋ አንብባ ነገረችው፤ እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ሻጭዋ በሐፍረት አንገቷን ደፍታ ምድር ቤት ያለውን ልብስ ሰፊ ጠቆመችን፤ እህቴም ከኪሷ ከፍላ ዚፑን አስቀየረች። ሻጭዋን ዛሬም አልወቅሳትም፤ እውነቱን ሳትክድ የተናገረችው በዚያ ቤት እሷ ብቻ ነበረች።

በዚያ ሱቅ ውስጥ ያ ቀሚስ ከዚያ ቤት መሸጡን የተጠራጠረ ሰው አልነበረም። ሻጭዋ ታውቃለች፣ ታጉ ይመሰክራል፣ የክፍያው መልዕክት አለ። ባለቤቱ የጠየቀው ማስረጃ አጥቶ አልነበረም። ደረሰኝ የሚለውን ቃል ያነሳው በሩን ለመዝጋት ስለጠቀመው ነው።

በሕግ ረገድ ደረሰኝ ሽያጩ መፈጸሙን ከሚያስረዱ ማስረጃዎች አንዱ እንጂ ሽያጩ ራሱ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1719 እንደሚለው፣ ሕጉ በልዩ ሁኔታ ካላዘዘ በቀር ውል የተለየ ፎርም አያስፈልገውም፤ ተዋዋዮቹ ከተስማሙ ውሉ ይጸናል። ቀሚስ ለመሸጥና ለመግዛት የተለየ ፎርም የሚያዝ ሕግ የለም። ገንዘቡ ተከፍሎ ልብሱ በፌስታል ተጠቅልሎ ሲሰጥ ሽያጩ ሙሉ ነው፤ ከሙሉ ሽያጭ የሚመነጩት የገዢው መብቶችም አብረው ይወለዳሉ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ «አይመለስም» የሚል ወረቀት ይህን የአዋጅ መብት ሊሽረው ይችላል ብዬ አላምንም። ያው አዋጅ ሸማቹ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት እንዳለውም ይደነግጋል፤ በደንበኞች ፊት «ከየት አምጥተሽው ነው?» መባል ከዚህ ጋር አይሄድም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት አስፈላጊ ነው። ዚፑ የተበጠሰ፣ ስፌቱ የተተረተረ፣ ወይም በመጀመሪያ እጥበት ቀለሙ የለቀቀ ልብስ ጉድለት ያለበት ዕቃ ስለሆነ መብቱ ከአዋጁ ይመነጫል። ልክ ያልሆነ ወይም ቀለሙ ያልተወደደ ልብስ ግን ምንም ጉድለት የለበትም፤ እሱን መቀበል በአብዛኛው የሻጩ ፈቃድ ነው። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን «እኛ ጋ ሁሉም ይመለሳል» ሲሉን የምንሰማው ብዙ ጊዜ ይህን ልዩነት ሳይነካ ነው። በእንግሊዝ አገር እንኳ ከሱቅ የተገዛን ደህና ልብስ ሐሳብን ስለቀየሩ ብቻ መመለስ የሕግ መብት አይደለም፤ ሱቆቹ የሚቀበሉት በራሳቸው መመሪያ ነው። ጉድለት ላለበት ዕቃ ግን በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የሸማቾች መብት ሕጋቸው 30 ቀናት ይሰጣል፤ ግዢውን ለማስረዳትም የባንክ መግለጫ ሊያገለግል ይችላል። እኔ የምጠይቀው ከዚህ የበለጠ አይደለም።

ጉድለት የሌለበት ልብስ በፈቃድ ብቻ የሚመለስ ቢሆንም፣ የልብስ ንግድ ጠባይ ራሱ ሻጮችን ለጋስ እንዲሆኑ ሊገፋፋቸው ይገባል። በአገራችን ልብስ በብዛት የሚገዛው ለሌላ ሰው ነው። አባት ትምህርት ቤት ለዋለ ልጁ ሱሪ በግምት ይገዛል፤ ከተማ የሚሠራ ልጅ ለገጠር እናቱ ሹራብ ይልካል። ከቱርክ የመጣው «ኤል» ከቻይናው «ኤል» ጋር አይገጥምም፤ በመርካቶ ጠባብ ሱቆች ደግሞ መለኪያ ክፍል ማለት አንድ ሰው ይዞልን የሚቆም መጋረጃ ነው፤ እሱም ከተገኘ ነው። በእንዲህ ዓይነት ግዢ የተወሰነው ልብስ ልክ ሳይሆን መቅረቱ የማይቀር ስለሆነ፣ ታጉ ያልተነሳና ያልተለበሰ ልብስ ቢያንስ በሌላ ቁጥር መለወጡ ሻጩን የሚያሳጣው ነገር ጥቂት ነው። ይህን የሚያደርጉ ነጋዴዎች አሉ፤ ሒሳባቸውን ከምሠራላቸው መካከል አንዱ ለበዓል የተሸጠን የልጅ ልብስ ከበዓሉ በኋላ ባሉት ቀናት ያለ አንዳች ጥያቄ ይለውጣል፤ ደንበኞቹም ወደ ሌላ ሱቅ አይሄዱም።

አሁን ከሙያዬ ጋር ወደሚገናኘው ጉዳይ ልምጣ። ሻጮች ያለ ደረሰኝ ላለመቀበል ከሚያቀርቡት ምክንያት ሁሉ ሚዛን የሚደፋው «ማሽኑ ላይ የተመዘገበ ሽያጭ ነው፤ ያለ ዋናው ደረሰኝ ብመልስ ታክሱን ከኪሴ እከፍላለሁ» የሚለው ነው። በደረሰኝ ለተሸጠ ዕቃ ይህ ስጋት እውነት ነው። ካሽ ሬጂስተሩ የቀኑን ሽያጭ ዜድ ሪፖርት በሚባለው የዕለት ማጠቃለያ ዘግቶ በውስጥ ማኅደሩ ይይዛል፤ የተመለሰ ሽያጭ በሰነድ ካልተደገፈ በቀር ነጋዴው ያልያዘውን ገንዘብ ታክስ ሊጠየቅበት ይችላል። ያለ ደረሰኝ ለተሸጠ ዕቃ ግን ይህ ምክንያት ጨርሶ አይሠራም። ያ ሽያጭ ማሽኑ ላይ አልተመዘገበም፤ ታክሱም አልታወጀም፤ ስለዚህ የሚስተካከል ሰነድ የለም። ቀሚሱ ወደ መደርደሪያው፣ 2,800 ብሩም ወደ ገዢዋ ቢመለስ በመዝገቡ ላይ አንዲት መስመር አትለወጥም። ከዚህ ሒሳብ አንጻር ያለ ደረሰኝ የተሸጠው ልብስ ለመመለስ ከሁሉም የቀለለው ሆኖ ሳለ ከሁሉም የከበደው እንዲሆን ተደርጓል።

ደረሰኝ በእጁ ያለው ገዢም ቢሆን ሁልጊዜ የዳነ አይደለም። ማሽኑ የሚያትምበት ወረቀት በሙቀት የሚጻፍበት ዓይነት ስለሆነ በቦርሳ ውስጥ ወይም ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ ጥቂት ወራት ሲቆይ ጽሑፉ ይጠፋና ባዶ ወረቀት ይሆናል። የዕቃው መግለጫ በብዙ ደረሰኞች ላይ «ልብስ» ከሚል አንድ ቃል አያልፍም፤ ሸሚዝ ይሁን ካፖርት አይለይም። ከሁሉም የከፋው ከተከፈለው በታች የተቆረጠ ደረሰኝ ነው። 3,000 ብር ከፍሎ 1,200 ብር የሚል ደረሰኝ የተቀበለ ሰው ልብሱን ሲመልስ «ደረሰኝህ የሚለው ይህን ነው» ተብሎ 1,200 ብር ሊቆጠርለት ይችላል። እንዲህ ያለ ደረሰኝ ለመንግሥትም ለሸማቹም ሐሰት ነው፤ ገዢዎች ወረቀቱን ሲቀበሉ ቁጥሩን ሳያነቡ ወደ ኪስ ባይከቱት እመክራለሁ። አንብበው ሲያበቁም በስልካቸው ፎቶ ቢያነሱት፣ ወረቀቱ ቢደበዝዝ እንኳ ቀኑና የደረሰኙ ተራ ቁጥር ይቀራል፤ በእነዚህም ሻጩ ከማሽኑ ማኅደር ወይም ከቀሪው ሽያጩን ፈልጎ ማግኘት ይችላል። በማሽን ደረሰኝ ላይ ቀኑ የሚታተመው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑንም ልብ ማለት ይጠቅማል፤ «ሚያዝያ 10 ነው የገዛሁት» ያለ ደንበኛና የዚያን ቀን መዝገብ የምታገላብጥ ሻጭ በዚህ ምክንያት ሲተላለፉ አይቻለሁ።

ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረና የባንኮች የሞባይል ዝውውር ከተስፋፋ ወዲህ ግን ማስረጃ የለም የሚለው ክርክር መሠረቱ ተናግቷል። ዛሬ በከተማ ከሚፈጸመው የልብስ ግዢ ብዙው የሚከፈለው በስልክ ነው። እያንዳንዱ ዝውውር የከፋዩንና የተቀባዩን ስም፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የገንዘቡን መጠንና የግብይቱን ቁጥር ይዞ ይቀመጣል። በቴሌግራም ልብስ የሚሸጡትን ብንወስድ አብዛኞቹ ሱቅም ደረሰኝም የላቸውም፤ ልብሱን በሞተር ልከው ገንዘቡን በዝውውር ይቀበላሉ፤ ፎቶውና የመጣው ልብስ ሳይመሳሰሉ ሲቀሩም ገዢውን ከመልዕክት መስመራቸው ላይ ያግዱታል። ለእነሱም ቢሆን የክፍያው መልዕክትና የላኩት ፎቶ አንድ ላይ ሲታዩ ከደረሰኝ የበለጠ ይናገራሉ እንጂ አያንሱም።

ስለዚህ የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴርም ሆነ የከተማችን ንግድ ቢሮ የክፍያ መልዕክት፣ የባንክ መግለጫ፣ በሱቁ ታግ የተለየ ዕቃ ወይም የሻጩ የራሱ ቃል የግዢ ማስረጃ ሆነው እንደሚያገለግሉ ለነጋዴውም ለሸማቹም በጽሑፍ እንዲያሳውቁ እጠይቃለሁ። ይህ አዲስ ሕግ ማውጣትን አይጠይቅም፤ ያለውን ማብራራት ብቻ ነው። ነጋዴዎች ደግሞ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ወረቀት አንስተው በምትኩ በስንት ቀን ውስጥ፣ በምን ሁኔታ ላይ ያለ ልብስ፣ በገንዘብ ወይስ በልውውጥ እንደሚቀበሉ ቢለጥፉ ጭቅጭቁን በግማሽ ያቃልሉታል። ገንዘብ መመለስ የከበደው ሻጭ የዕቃውን ዋጋ በወረቀት ጽፎና ፈርሞበት ደንበኛው በሌላ ቀን በዚያው ዋጋ ሌላ ልብስ እንዲወስድ ሊያደርግ ይችላል። ሻጭዋም ልብስ ለመቀበል ለእያንዳንዱ ጉዳይ ባለቤቱን በስልክ ከምታስፈቅድ፣ እስከ ምን ያህል ብር በራሷ ልትወስን እንደምትችል አስቀድሞ ቢነገራት ደመወዟ ከፍርሃት ይድናል።

የደረሰኝ ቁጥጥርን በተመለከተ፣ በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ወር በመርካቶ ቁጥጥሩ ሲጠብቅ ብዙ ሱቆች ተዘግተው እንደነበርና ነገሩ ምን ያህል መነጋገሪያ እንደሆነ ሁላችንም እናስታውሳለን። ያን ጊዜ የተነገረው ስለ መንግሥት ገቢ ነበር፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን ደረሰኝ ሲቀር ከመንግሥት ካዝና እኩል የሚጎዳው የተበላሸ ልብስ ይዞ የሚመለሰው ገዢ መሆኑን አንድም ኃላፊ ሲያነሳ አልሰማሁም። ተቆጣጣሪዎች ሱቅ ሲገቡ ማሽኑ መብራቱን ብቻ ሳይሆን ግድግዳው ላይ ምን እንደተለጠፈ ቢያዩ፣ ሸማቾችም ወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄደው ሲያመለክቱ «ደረሰኝ ካልያዛችሁ አቤቱታችሁን አንቀበልም» ባይባሉ መልካም ነው። ደረሰኝ አለመሰጠቱ ራሱ አቤቱታው ነውና።

የመስከረም ወር ግዢ ከመጀመሩ በፊት፣ የዩኒፎርምና የእንቁጣጣሽ ልብስ ገበያው ሳይደራ፣ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት በዚህ ጉዳይ ላይ መልስ እንዲሰጥ ዝግጅት ክፍላችሁ ጥያቄውን እንዲያቀርብልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሒሳብ ባለሙያ
ከአዲስ አበባ